የዝውውር ደብዳቤ ሒሳብ

ዩኤስኤይድ ሰኔ 1 ቀን 2015 ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን የምግብ ዕርዳታ በመላ አገሪቱ አቆመ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ወዲያው ተከተለው። ለተቸገረ የተላከ እህል ገበያ ወጥቶ ተገኝቶ ነበርና። በወቅቱ ዕርዳታ ጠባቂው ከ20 ሚሊዮን በላይ ይገመት ስለነበር፣ ጥቂቶች የበሉትን ዕዳ ብዙዎች ለወራት በባዶ ጎተራ ከፈሉት። እህል ግን በነፋስ አይሄድም። ይመዘናል፣ ይጫናል፣ ይራገፋል፣ ገቢና ወጪው ይፈረምበታል። የጎደለውን ኩንታል ከማንም ኦዲተር ቀድሞ የሚያውቀው መጋዘን ጠባቂው፣ ሒሳብ ሠራተኛውና ጫኝ አውራጁ ነው። ይህ የእህል ብቻ ጠባይ አይደለም። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኅዳር 3 ቀን 2011 ስለ ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን መግለጫ ሲሰጥ ያለ ጨረታ ተፈጸመ ያለው የውጭ ግዥ 37 ቢሊዮን ብር ነበር። ይህን የሚያህል ግዥ የስንት ጸሐፊና የስንት ግዥ ሠራተኛ ጠረጴዛ ሳያልፍ ይፈጸማል? የማጭበርበር መርማሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በተለያዩ አገሮች ከተጠኑት የድርጅት ውስጥ ማጭበርበሮች 43 በመቶው የተደረሰባቸው በጥቆማ ነው፤ ከጠቋሚዎቹም ከግማሽ በላይ የቤቱ ሠራተኞች ነበሩ።

እንግዲህ ያወቀው ሠራተኛ ለምን አይናገርም? ሥነ ምግባር ጎድሎት ነው የሚለው መልስ ለሥልጠና አዳራሽ ይመች ይሆናል እንጂ ብዙ አያስረዳም። ነገሩ ሒሳብ ነው። የጥቆማው ጥቅም ለሁሉ ይከፋፈላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን አንድ ሰው ነው። ዋጋው ደግሞ እንደ ቦታው ይለያያል። አዲስ አበባ ላይ ከሥራ የተሰናበተ ሒሳብ ሠራተኛ ሌላ በር ያንኳኳል። በመንዝ ደጋ፣ ዘመሮን በመሰለች ከተማ፣ ደመወዝ የሚከፍለው በጣት የሚቆጠር ነው፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ኅብረት ሥራ ማኅበሩና ጥቂት የገንዘብ ተቋማት። ኃላፊዎቹም እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ለመበቀል ማባረር እንኳ አያስፈልግም። አንድ የዝውውር ደብዳቤ ቤት የሠራውን፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባውን፣ በግ የሚያረባውን ሰው ገደል ተሻግሮ ወዳለ ቀበሌ ይሰደዋል። የአፈጻጸም ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ ስሙ ከሥልጠናና ከውሎ አበል ዝርዝር ይጠፋል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ሕጋዊ ነው፤ ክፋቱም እሱ ላይ ነው።

የጥንቱ ሰው ይህን ሒሳብ አልሳተውም። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል አገሬው በአውጫጭኝ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪገለጥ አይበተንም ነበር። ያየ ሰው ግን በአደባባይ ቆሞ አይመሰክርም፤ ለሽማግሌዎች በስውር ይናገራል፣ እሱም «ወፍ» ይባላል፣ ስሙ አይወጣም። ዘዴው ንጹሑንም ከሥራው አስፈትቶ ስለሚያውል ጉዳቱ ብዙ ነበር፤ ልመልሰው ብሎ የሚከራከር የለም። ሆኖም ከጠቋሚው ድፍረት አልጠበቀም፤ ከለላ ሰጠው። ዛሬም በስልክና በጥቆማ ሳጥን የምንሞክረው ያንኑ የወፍ ዘዴ ነው። የማይሠራበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ወፍ የሚሰወረው ብዙ ሕዝብ ውስጥ ነው። ስድስት ሠራተኛ ባለበት ቢሮ የመጋዘኑን መዝገብ የያዘው አንድ ሰው ከሆነ፣ ጥቆማው ስም ባይኖረውም ባለቤቱ ይታወቃል። ስለዚህ ስሙን ከመደበቅ ይልቅ እንጀራውን መጠበቅ ይቀድማል።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ በአዋጅ ቁጥር 433/1997 ለጠቋሚዎች የአካልም የሥራ ዋስትናም ጥበቃ የማድረግ ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 መኖሪያ እስከ መቀየርና ማንነት እስከ መሰወር ይሄዳል፤ ነገር ግን የተጻፈው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። የሃምሳ ኩንታል ማዳበሪያ ጉድለት፣ የሐሰት የውሎ አበል ሰነድ ወይም በሴት ሠራተኛ ላይ የሚፈጸም ትንኮሳ እዚያ ደረጃ መድረሱ ያጠራጥራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን የሚናገረው ስለ ስንብት ነው፣ ከላይ ያየናቸው ደብዳቤዎች ደግሞ ስንብት አይደሉም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያሉት የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎችም በ2000 በወጣው ደንብ ሲቋቋሙ ተጠሪነታቸው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ሆነ። ጥቆማው ኃላፊውን የሚነካ ከሆነ አቤቱታው ወደ ተከሳሹ ቤት ሄደ ማለት ነው።

የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፦ የማስረዳት ሸክሙን ማዞር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ሠራተኛው መጠቆሙንና ከዚያ ጉዳት እንደደረሰበት ካሳየ፣ እርምጃው የበቀል አለመሆኑን የሚያስረዳው አሠሪው ነው። ዝውውሩ በእርግጥ ለሥራ አስፈልጎ ከነበረ ፋይሉ ይናገራል፤ ከጥቆማው በፊት የተያዘ ቃለ ጉባኤ ወይም የክፍት መደብ ማስታወቂያ ይገኛል። ለታማኝ ኃላፊ ይህ የአንድ ቀን የወረቀት ሥራ ነው።

ሰነፍ ሠራተኛ ተግሣጽ ሲቀርብለት ሮጦ ይጠቁምና ከለላ ውስጥ ይገባል የሚሉ አሉ፤ ስጋቱ እውነት ነው። ግን ከጥቆማው በፊት የተጀመረ ዲሲፕሊን በቀን ስለሚታወቅ አሠሪው በቀላሉ ያስረዳዋል፤ እያወቀ በሐሰት የወነጀለም ከወንጀል ሕጉ አያመልጥም። ይልቅ የሚከብደኝ የሌላው ወገን ክርክር ነው፦ «ጠቋሚ» የሚለው ቃል በደርግ ዘመን የስንት ቤት ሐዘን ሆኖ ሳለ ጥቆማን ማበረታታት ጎረቤትን ከጎረቤት አያጋጭም ወይ? ያጋጫል፤ በተለይ ገንዘብ ከገባበት። አሜሪካ ከሚሰበሰበው ቅጣት ከ10 እስከ 30 በመቶ ለጠቋሚው መስጠቷ ለዎል ስትሪት ይበጅ ይሆናል፤ በዘመሮ ገበያ ግን እውነተኛውንም ጠቋሚ ጉርሻ ፈላጊ ያሰኘዋል። ሠራተኛው ሽልማት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ባለበት መቆየት ብቻ ነው።

በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ወዲህ በቀጠለው ግጭት ተቆጣጣሪ እንደ ልቡ ወደ ወረዳ መውረድ ስላልቻለ፣ የውስጡ ሠራተኛ ዓይን ዋጋው ጨምሯል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩን መጋዘን ጠባቂ እንውሰድ። ጠቁሞ ቢሰናበት፣ ወደ ሥራው ልመለስ የሚለው ክሱ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። እውነቱን መናገሩን የሚያረጋግጥለት የማኅበሩ ኦዲት ግን ፈጠነ ቢባል በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው።