ይግባኝ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን

ዓርብ በኔታንያ ገበያ ለሰንበት አስቤዛ የሚገዙ ወላጆች ብዙ ጨዋታ ያነሣሉ። ልጁ በአደንዛዥ ዕፅ የተፈረደበት ወላጅ ግን አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እኛ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች እንደምናየው፣ ቤተሰብን ከፍርዱ ሌላ ኀፍረትም ይጎዳዋል። በዕብራይስጥ «ዒርዑር» የሚባለው ይግባኝ በ45 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ በዝምታ ያለፈ ቀን አይመለስም።

በጃንሆይ ዘመን ይግባኝ ባይ እስከ ዙፋን ችሎት ደጅ ይጠና ነበር። እዚህ ይግባኝ ምሕረት መለመን አይደለም። የበላይ ዳኞች የሥር ፍርድ ቤቱን መዝገብ መርምረው ስሕተት መኖር አለመኖሩን ያያሉ። በኔታንያ ሻሎም ፍርድ ቤት የተፈረደ ጉዳይ ሎድ ወደሚገኘው አውራጃ ፍርድ ቤት፣ በአውራጃ ፍርድ ቤት የተፈረደ ኢየሩሳሌም ወዳለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ይግባኝ የሚባለው በጥፋተኝነቱ፣ በቅጣቱ ወይም በሁለቱም ላይ ነው። በእስራኤል ሕግ ከባድ ወንጀል ለመሥራት ከሌላ ሰው ጋር መስማማት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ዕፅ መነገድም እስከ 20 ዓመት ያሳስራል። ሆኖም ጓደኛውን በመኪና ያደረሰ ልጅ ጉዳዩን ማወቁና መስማማቱ መረጋገጥ አለበት። ይህ ሳይረጋገጥ ተፈርዶበት ከሆነ ጠበቃው በይግባኝ ሊከራከርበት ይችላል።

ገበያ ላይ «ይግባኝ ካልክ ይጨምሩብሃል» ሲባል ይሰማል። ዐቃቤ ሕጉ በበኩሉ በቅጣቱ ላይ ይግባኝ ካላለ ዳኞቹ ቅጣቱን ማክበድ አይችሉም። ደግሞም ይግባኝ ማለት ብቻውን እስራቱን አያስቆምም፤ እስራቱ እንዲዘገይ ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ገንዘብ የለንም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በ1995 በወጣው ሕግ የተቋቋመው «ሳኔጎሪያ ጺቡሪት»፣ ማለትም የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች መሥሪያ ቤት፣ አቅም ለሌለው ሰው ለይግባኝም ጠበቃ ሊመድብ ይችላል። ዕብራይስጥ ለማያውቅ ተከሳሽም ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ መመደብ አለበት። ችሎቱ ያለ አስተርጓሚ ከተካሄደ ይህንኑ ለጠበቃው ንገሩ።

ስለዚህ ፍርዱ በተሰጠበት ሳምንት የፍርዱን ወረቀት ይዛችሁ ጠበቃ ጋ ሂዱ፤ 45ኛው ቀን የትኛው እንደሆነም ጠይቃችሁ ጻፉት። ሽማግሌዎቻችን ለምክርና ለማጽናናት ያስፈልጉናል፤ ቀኑን ግን ሽማግሌ አያስረዝመውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና አትደብቁ።