መኪናው ቁልፉ የት እንዳለ በምን ያውቃል?

አጎቴ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዙ ወዲህ እሁድ እሁድ እሳቸው ቤት መሄድ ለእኔ የቃል ፈተና ሆኖብኛል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ከብዙዎቹ ጋር ደግሞ ከኪስ የማይወጣ ቁልፍ አብሮ መጥቷል። አጎቴ ወደ መኪናቸው ይጠጋሉ፣ እጀታውን ይነካሉ፣ በሩ ይከፈታል። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ነው።

"አንተ ልጅ፣ ኢንጂነር ነኝ ትል የለ? ይሄ መኪና እኔ መሆኔን በምን አወቀ?"

"ጋሼ፣ እርስዎንማ አያውቅም። ቁልፉን ነው የሚያውቀው" አልኳቸው። ቀጥዬም "እንዲያውም ቁልፉ የት እንዳለ እንኳ በትክክል አያውቅም" ስላቸው ሳቁብኝ። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ሌላ ቦታ ነበር። ቁልፉን ማታ ማታ የሚሰቅሉት የቤቱ መግቢያ አጠገብ ያለ ምስማር ላይ ነው። መኪናው የሚያድረው ደግሞ ከአጥሩ ውጭ፣ ከምስማሩ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ነው። ያን ቀን ያስረዳኋቸውን ነው ዛሬ ለእናንተ የምጽፈው።

መጀመሪያ በሩን ራሱን እንፍታው። መኪና ሲቆለፍ የምትሰሙት "ጠቅ" የሚል ድምፅ የሚመጣው በሩ ውስጥ ከተቀመጠች ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ሞተሯ በትናንሽ ጊሮች አማካይነት መቆለፊያውን ትገፋለች። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሲገለበጥ ወደ ኋላ ዞራ ትመልሰዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ብዙ ሰው ሞተሯ በሩን ጨምድዳ የያዘች ይመስለዋል። በሩን የሚይዘው ግን ሳትቆልፉትም የሚይዘው የብረት መንጠቆ ነው። በብዙ መኪኖች መቆለፍ ማለት የውጭውን እጀታ ከመንጠቆው ማለያየት ነው፤ እጀታውን ስትስቡት ይንቀሳቀሳል፣ መንጠቆው ግን ወሬውም አይደርሰው።

ሞተሯን የሚያዛት በመኪናው ውስጥ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ እሱ ደግሞ የሚሰማው ቁልፉን ብቻ አይደለም። ጎማዎቹ በምን ፍጥነት እንደሚዞሩ ይነገረዋል፤ ብዙ መኪኖች በሰዓት ከ15 እስከ 20 ኪሎሜትር ገደማ ሲደርሱ በራሳቸው የሚቆለፉት ለዚህ ነው። የአደጋ ጊዜ የአየር ከረጢቱ ከፈነዳ ደግሞ፣ ሊረዳ የመጣ ሰው እንዲገባ በሮቹን ይከፍታል። በሪሞት ከፍታችሁ ማንም በር ሳይነካ ግማሽ ደቂቃ ያህል ካለፈም መልሶ የሚቆልፍ አለ። ይሄ ሁሉ "እንዲህ ከሆነ እንዲያ አድርግ" የሚል ቀላል ሕግ ነው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ "ክፈት" የሚለው ትዕዛዝ ከእውነተኛው ቁልፍ መምጣቱን በምን ያረጋግጣል?

የመጀመሪያዎቹ ሪሞቶች ብዙም አልተጨነቁበትም። እ.ኤ.አ. በ1982 ሬኖ ፉዌጎ የተባለችው መኪና በአውሮፓ በሪሞት የሚከፈት በር ይዛ ስትመጣ፣ ቁልፉ የሚሠራው እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በማይታይ ብርሃን ነበር። ፈረንሳዮች ከፈልሳፊው ከፖል ሊፕሹትዝ ስም ወስደው "ፕሊፕ" አሉት። ብርሃን ግን መነጣጠር ይፈልጋል፤ እቃ ተሸክሞ መነጣጠር ደግሞ አይመችም። ስለዚህ ሬዲዮ መጣ። ዛሬ ባለ ቁልፍ ተጫኝ ሪሞት አውሮፓ ውስጥ በአብዛኛው በ433.92 ሜጋኸርዝ፣ ሰሜን አሜሪካና ጃፓን ውስጥ ደግሞ በ315 ሜጋኸርዝ ገደማ ያወራል። (ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ሪሞት ጠፍቶባችሁ ለአውሮፓ የተሠራውን ብትገዙ፣ መልኩ አንድ ቢሆንም ላይግባቡ የሚችሉት ለዚህ ነው።)

ሬዲዮ ሲመጣ ግን አንድ ጣጣ አብሮ መጣ፤ ሬዲዮ በየአቅጣጫው ይሄዳል፣ አንቴና ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ሪሞቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚልክ ከሆነ፣ አንዱ ቀድቶ ነገ መልሶ ያጫውተዋል። መኪናውም ይከፈትለታል። የቀዳው ሰው ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ መረዳት እንኳ አይጠበቅበትም።

መፍትሔው በጣም ደስ የሚል ነው። አንተና ጓደኛህ አንድ ዓይነት ደብተር አላችሁ እንበል፤ በየገጹ አንድ አንድ የይለፍ ቃል ተጽፏል። አንተ በር ስታንኳኳ የቀጣዩን ገጽ ቃል ትናገራለህ። ጓደኛህ ይከፍትልህና ያንን ገጽ፣ ከሱ በፊት ያሉትንም ጭምር ይቀዳቸዋል። ትናንት ያደመጠ ሌባ ዛሬ ቢመጣ በእጁ ያለው የተቀደደ ገጽ ነው። እውነተኛው ቁልፍ ደብተር የለውም፤ በደብተሩ ምትክ አንድ ቆጣሪና አንድ ምስጢር ቁጥር አለው። በጫናችሁ ቁጥር ቆጣሪው በአንድ ይጨምራል፣ ውጤቱ በምስጢሩ ቁጥር ተመስጥሮ ይላካል። መኪናው በዚያው ምስጢር ይፈታውና "ቆጣሪው ከባለፈው ይበልጣል ወይ?" ብሎ ያያል።

ታናሽ ወንድማችሁ ቁልፉን ይዞ ሳሎን ውስጥ ሃያ ጊዜ ቢጫንስ? ቁልፉ ሃያ ገጽ ወደፊት ሄዷል፣ መኪናው ግን አልሰማም። ይህም ታስቦበታል። ኪሎክ በሚባለው የታወቀ ሥርዓት ለምሳሌ፣ መኪናው ካለበት እስከ 16 ቁጥር የቀደመውን ወዲያው ይቀበላል። ከዚያ ካለፈ "ድገመው" እንደማለት ዝም ይላል፤ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ሲሰማ ይታረቃል። ሪሞቱ በመጀመሪያው እምቢ ብሎ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሲሠራ ያያችሁ ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

ኪሎክ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ የተነደፈ ነው፤ በአህጉራችን ተሠርቶ ዓለምን ያዳረሰ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርለትም። ጉድለቱም እዚያው አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የጀርመን ተመራማሪዎች ቺፑ በሥራ ላይ እያለ የሚስበውን የኤሌክትሪክ መጠን ብቻ እየለኩ ምስጢሩን ቁጥር ማውጣት ችለዋል። በ2015 ደግሞ ሳሚ ካምካር የተባለ አሜሪካዊ ሂሳቡን ጭራሽ ሳይነካ ሌላ መንገድ አሳየ። 32 ዶላር ገደማ ወጪ የጠየቀች መሣሪያው የመኪናውን ጆሮ በጫጫታ ትደፍናለች፣ የእናንተን ቁጥር ግን ትቀዳለች። መኪናው ስላልሰማ ድጋሚ ትጫናላችሁ። ሁለተኛውንም ትቀዳና የመጀመሪያውን ትለቅለታለች። በሩ ይከፈታል፣ እናንተም ትሄዳላችሁ። ያልተቀደደው ሁለተኛ ገጽ ግን በሌባው እጅ ቀርቷል። ከዚህም የቀለለ አለ፤ ልትቆልፉ ስትጫኑ በጫጫታ መድፈን ብቻ። ቆልፌያለሁ ብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ መኪናው ግን ክፍት ነው። ስለዚህ "ጠቅ" ሲል ስሙ፣ መብራቱ ብልጭ ሲል እዩ፣ እጀታውን ሳብ አድርጉት።

አሁን ወደ አጎቴ ቁልፍ እንመለስ። እሳቸው ምንም አይጫኑም፤ ስለዚህ ንግግሩን መጀመር ያለበት መኪናው ነው። እጀታውን ሲነኩ መኪናው በዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥርና "ማነው?" ብሎ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል። ቁልፉ ከእንቅልፉ ይነቃል፣ ቁጥሩን በምስጢሩ ያሰላዋል፣ መልሱን በዚያው በ433 ወይም በ315 ሜጋኸርዝ ይልካል። ጥያቄው በየጊዜው ስለሚለያይ የትናንቱን መልስ መቅዳት ከንቱ ነው።

ለምን ዝቅተኛ ድግግሞሽ? እዚህ ላይ የንድፉ ብልሃትም ስህተቱም አለ። እንዲህ ያለ መግነጢሳዊ መስክ ከምንጩ ሲርቅ እጅግ በፍጥነት ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ስምንት እጅ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥያቄው የሚሰማው ከበሩ አንድ ሁለት ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ቁልፉ የየአንቴናውን ጥንካሬ ለክቶ ስለሚናገር፣ መኪናው ቁልፉ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ የሚለውንም ይለያል። ያለዚያ ቁልፉን ውስጥ ረስታችሁ ይቆለፍባችሁ ነበር። መሐንዲሶቹ እንዲህ አሰቡ፦ ቁልፉ ከሰማኝ ቅርብ ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ርቀት አልተለካም። የተለካው የድምፁ ጉልበት ነው፤ ጉልበት ደግሞ በማጉያ ይጨመራል።

የትምህርት ቤት ጥበቃ አስቡ። በሩ ላይ ቆሞ ተማሪዎች ብቻ የሚመልሱት፣ በየቀኑ የሚለዋወጥ ጥያቄ ይጠይቃል። አንድ የማያውቁት ልጅ ስልኩን ከፍቶ ወደ ጥበቃው ይዘረጋል። ጓደኛው ክፍል ውስጥ ሌላውን ስልክ ከአንድ እውነተኛ ተማሪ ጆሮ ሥር ይዟል። ተማሪው የጥበቃውን ድምፅ ሲሰማ እንደ ልማዱ ይመልሳል። ጥበቃው ትክክለኛውን መልስ ሰማ፣ ልጁ ገባ። ምስጢሩ አልተሰረቀም፣ ማንም ምንም አልፈታም።

በመኪና ላይም እንዲሁ ነው። አንዱ ሌባ መሣሪያ ይዞ መኪናው አጠገብ፣ ሌላው ቁልፉ ከተሰቀለበት ግድግዳ ውጭ ይቆማል። ጥያቄው ይተላለፋል፣ መልሱ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ መኪናውም ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዙሪክ የሚገኘው የስዊዘርላንድ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የ8 አምራቾችን 10 ሞዴሎች በዚህ መንገድ ሞከሩ፤ አሥሩም ተከፈቱ። መኪናው አንዴ ከተነሳ ደግሞ ቁልፉ ስለራቀ ብሎ አይጠፋም። አይጥፋም! የቁልፉ ባትሪ መንገድ ላይ ቢያልቅስ? ደኅንነት ይቀድማል፤ ሌባውም በዚያው ደኅንነት ተጠቅሞ ይሄዳል።

ታዲያ መኪናው እውነተኛውን ርቀት መለካት አይችልም ነበር? ሬዲዮ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ነው፤ በአንድ ናኖ ሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ገደማ። ቁልፉ 50 ሜትር ቢርቅ፣ ደርሶ መልሱ 100 ሜትር ስለሆነ 333 ናኖ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ይህን መዘግየት መያዝ ነው። ችግሩ፣ የ125 ኪሎኸርዝ ሞገድ አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ ለማለት ብቻ 8,000 ናኖ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ብርሃን 2.4 ኪሎሜትር ይሄዳል። 333 እዚያ ውስጥ አትታይም። የሯጮችን ልዩነት በግድግዳ ሰዓት ትልቁ ዘንግ እንደመለካት ነው።

አሁን እየገባ ያለው ቴክኖሎጂ እጅግ ሰፊ የድግግሞሽ መጠን ስለሚጠቀም ሁለት ናኖ ሰከንድ ገደማ ብቻ የሚቆዩ ምቶችን ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2021 የመኪናና የስልክ አምራቾች ኅብረት ስልክን የመኪና ቁልፍ በሚያደርገው ደረጃው ውስጥ አስገብቶታል። ከዚህ ወዲያ አጉዪውም አማላጁም ብዙ አይረዳም፤ ድምፅን ማጉላት ይቻላል፣ ብርሃንን ማስቸኮል ግን አይቻልም። ከዚህ በፊት የተሸጡት መኪኖች ግን ገና ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ ይቆያሉ። አንዳንድ ቁልፎች እንቅስቃሴ ሲያጡ የሚያንቀላፉ ሆነዋል፣ አንዳንድ መኪኖችም ይህን አገልግሎት ከምናሌያቸው ማጥፋት ያስችላሉ። የአጎቴ መኪና ሁለቱም የለውም።

ስለዚህ ወጥ ቤት ገባን። መጀመሪያ ቁልፉን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቀለልነው። የፎይል ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሃምሳኛ አይሞላም፤ ለ125 ኪሎኸርዙ መስክ ይህ በጣም ስስ ነው፣ ጥያቄው አልፎ ሊገባ ይችላል። ለ433 ሜጋኸርዙ መልስ ግን ወፍራም ግንብ ነው። ቁልፉ ሰምቶ ይመልሳል፣ መልሱ አይወጣም። ቀዳዳ ከሌለው ማለቴ ነው፤ ፎይል ደግሞ በሦስተኛው ቀን ይቀደዳል። የሚሻለው ክዳኑ የሚገጥም የብረት ጣሳ ነው። ብረት ወፈር ከማለቱም በላይ ማግኔት የሚስበው ስለሆነ ጥያቄውንም መልሱንም ያፍናል።

መሞከሪያው ቀላል ነው፤ እናንተም ቤት ካለ ወላጅ ጋር ሞክሩት። መኪናውን ቆልፉ፣ ቁልፉን ጣሳው ውስጥ ክተቱ፣ ጣሳውን ይዛችሁ በሩ አጠገብ ቁሙና እጀታውን ሳቡ። የእኛ በመጀመሪያው ሙከራ ተከፈተ። አጎቴ በድል አድራጊነት አዩኝ። ጣሳውን ሳየው ክዳኑ ጥጉ ላይ ታጥፏል። አቃንቼ በመዳፌ ጫን ጫን አደረግኩትና ደገምነው። እጀታው ዝም አለ። አጎቴ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሳቡት።

"አሁንስ የት እንዳለ አያውቅም?"

"አያውቅም፣ ጋሼ።"

ምስማሩ ላይ አሁን የተሰቀለው የጋዝ ቤቱ ቁልፍ ነው። አክስቴ ግን እስከ ዛሬ የሚጠይቁኝ ስለ ሞገዱ አይደለም፤ የጣሳውን ብስኩት የት እንዳደረስነው ነው።