ልጅ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በማን ነው?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዘር ውርስ ነው።

አንዲት እናት አራት ሴቶች ልጆች ወለደች እንበል። አማቷ አኮረፉ። ባሏም «ወንድ ልጅ አልወለድሽልኝም» ብሎ ሌላ ሊያገባ ተነሣ። እንዲህ ያለ ነገር በየሰፈሩ ይሰማል። ግን ጥፋቱ የእርሷ ነውን? እስቲ አብረን እንየው።

የሰው ገላ የተሠራው ከሕዋሳት ነው። ሕዋስ በጣም ትንሽ ስለሆነ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ በዓይን አይታይም። በአብዛኞቹ ሕዋሳት ውስጥ ክር የመሰሉ ነገሮች አሉ። ክሮሞሶም ይባላሉ። ቃሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ክ-ሮ-ሞ-ሶ-ም። ልጅ መልኩን፣ ጠጉሩንና ቁመቱን ከወላጆቹ የሚወርሰው በእነዚህ አማካይነት ነው።

ብዛታቸው 46 ነው። 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት ይመጣሉ። ጥንድ ጥንድ ሲሆኑ 23 ጥንድ ናቸው። «አባት ዘሪ ነው፤ እናት መሬት ናት» የሚሉ አሉ። ይህ ልክ አይደለም። ሁለቱም ዘር ያዋጣሉ።

ከ23ቱ ጥንዶች አንዱ ጾታን ይለያል። የዚህ ጥንድ ክሮሞሶሞች ኤክስ እና ዋይ በሚባሉ የፈረንጅ ፊደላት ይጠራሉ። ሴት ሁለት ኤክስ አላት። ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው።

እናት ለልጇ ከሁለቱ አንዱን ትሰጣለች። ሁለቱም ኤክስ ስለሆኑ ምንጊዜም የምትሰጠው ኤክስ ነው። አባት ግን ወይ ኤክስ ወይ ዋይ ይሰጣል። ከአባት ኤክስ ከመጣ ሴት ትወለዳለች። ዋይ ከመጣ ወንድ ይወለዳል። ኔቲ ስቲቨንስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህን መንገድ በጥንዚዛ ላይ አጥንታ በ1905 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳወቀች።

ታዲያ አባትን እንውቀስ? የለም። አባትም መርጦ አይሰጥም። ነገሩ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። አራት ጊዜ ወርውራችሁ አራቱንም አንበሳው ቢወጣ፣ አምስተኛው ያንኑ ያህል ወይ አንበሳው ወይ ሌላው ገጽ ነው። አራት ሴቶች የወለደችው እናትም በአምስተኛው ወንድም ሴትም የመውለድ ዕድሏ እኩል ለእኩል ገደማ ነው። ሌላ ሚስት ማግባትም ይህን አይለውጠውም።

«ወንድ ከሌለ ዘሬ ይጠፋል» የምትሉ አባቶች ይህንንም ልብ በሉ። ሴት ልጃችሁ ከእናንተ የወሰደቻቸው 23 ክሮሞሶሞች በገላዋ ውስጥ አሉ። ዘራችሁ በእርሷም ይቀጥላል። ስለዚህ እናቲቱን አትውቀሱ። ልጅቱንም ደብተር ገዝታችሁ ትምህርት ቤት ስደዱ።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች፤
1. ከእናት ስንት ክሮሞሶም ይመጣል? ከአባትስ?
2. ዋይ የሚመጣው ከማን ነው?
3. ሴት ብቻ ወለድሽ ተብላ የተወቀሰች ጎረቤት ብትኖራችሁ ለባሏ ምን ትሉታላችሁ?