ባለ ፎቅ ጓሮ

ከዲላ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ጤና ጣቢያ በነርስነት ሳገለግል አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «ሲስተር፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይደናበራል፤ ምግቡን እንኳ በዳበሳ ነው የሚፈልገው» አለችኝ። ዳፍንት ነበር። የቫይታሚን ኤ እንክብል ሰጠነውና እንደ ልማዴ «ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ ስጪው» ብዬ መከርኳት። «ከየት አምጥቼ? ያለችኝ መሬት ለእንሰቱና ለቡናው እንኳ አልበቃች» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስመክር አትክልቱ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ቤት ለቤት ስንዞር ከጎረቤቷ አዛውንት ጓሮ ነው። የእሳቸውም መሬት ከእሷ አይሰፋም። ግን ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ዝቅ ብሎ ቡና፣ ብርሃን በሚገባበት ክፍተት ሁሉ ደግሞ ጎመንና ዱባ ነበራቸው። የዛፉ ሥር ከጥልቅ፣ የጎመኑ ከላይኛው አፈር ይመገባል። የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፤ ዝናብም ዳገቱን አያጥበውም። ሁለቱን ሴቶች አገናኘኋቸው፤ አዛውንቷ የጎመን ችግኝና የዱባ ዘር ሰጧት። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እኚያ እናት ትዝ አሉኝ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ሐዋሳ እኖራለሁ። ጓሮዬ 3 ሜትር በ4 ሜትር ነው። ከላይ ፓፓያ፣ ከመካከል ጎመንና ቆስጣ፣ ከታች ካሮት አለኝ፤ መሬቱን ደግሞ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች ሸፍኖታል።

በመጀመሪያው ዓመት ተሳስቻለሁ። አራት ፓፓያ አጠጋግቼ ተከልኩና ካሮቱ ፀሐይ አጥቶ ቅጠል ብቻ ሆነ። አሁን ሁለት ብቻ ትቼ በምዕራብ በኩል አድርጌአቸዋለሁ፤ የጠዋት ፀሐይ ለሁሉም ይደርሳል፣ የከሰዓቱን ሐሩር ይከልላሉ። ካሮቱ ፀሐይ በሚያገኘው ዳር፣ ጥላ የሚችለው ጎመን ጠጋ ብሎ ይሁን። ከጎመኑም የታችኛውን ቅጠል ብቻ ቀንጥሱ፤ ለወራት ይመግባችኋል።

ነርስነቴ አይለቀኝምና ሦስት ነገር ልጨምር። ጥሬ እበት አትጠቀሙ፤ በደንብ የተብላላ ብስባሽ ይሁን። ጎመኑን ስትሠሩ ዘይት ጣል አድርጉበት፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። ልጃችሁ በምሽት ማየት ካቃተው ግን ጓሮውን ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ካሮት ነቅላ እየገመጠች መጣች። «ታጥቧል?» አልኳት። «በቀሚሴ ጠርጌዋለሁ» አለችኝ። ለእሷ ገና ብዙ ትምህርት ይቀረኛል።