የድረ-ገጽ ስም በማን እጅ ይመዝገብ?

አያት አካባቢ ያለ የአንድ መድረሳ ወላጆች ኮሚቴ ድረ-ገጽ ሊከፍት አስቦ ስለ ስሙ ምክር ጠይቆናል። በስሙ ውስጥ «አያት» የሚለው ቃል እንዲገባ ይፈልጋሉ።

ቃሉ መልካም ነው። በአማርኛ የወላጅ ወላጅ ነው፤ በዐረብኛ ደግሞ አንቀጾች፣ ተአምራት ማለት ነው። ነገር ግን አጭር ስለሆነ ፈላጊው ብዙ ነው፤ የታወቀው የቤት ገንቢ ድርጅትም በዚሁ ይጠራል። አንድ ሙሉ የድረ-ገጽ ስም ደግሞ በአንድ ጊዜ የሁለት ባለቤት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከመድረሳው ስም ጋር ማያያዝ ይሻላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍም ጥንቃቄ ያሻል፤ «መድረሳ» የሚለውን አንዱ በ«ኤ»፣ ሌላው በ«ኢ» ይጽፈዋል። እኛ በሬዲዮ አድራሻ ስናነብ የሚገጥመን ችግር ይኸው ነው። ስሙን ለአንዲት እናት በስልክ ንገሯትና ትጻፈው። ከተሳሳተች ስሙን ቀይሩት። በመካከሉ ጭረት ማስገባት ይፈቀዳል፣ ሰው ግን ይረሳዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በዶት ኢቲ የሚያልቁትን የአገራችንን ስሞች የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ለማኅበራት ዶት ኦርግ ዶት ኢቲ የሚል ዘርፍ አለ። ዶት ኮምና ዶት ኦርግ ግን በአብዛኛው ከውጭ መዝጋቢዎች በዶላር ካርድ ይከፈልባቸዋል። ያኔ ምን ይደረጋል? ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ አንድ ወንድም ይከፍላል፣ አላህ ይመንዳውና! ስሙም በእሱ ስምና በእሱ ኢሜይል ይመዘገባል። ወንድማችን ኢሜይሉን ቢቀይር ወይም ወደ አኼራ ቢሄድ፣ ጀመዓው በመዝጋቢው ፊት ባዕድ ነው። እኛም በምናውቀው አንድ መስጂድ ይህ ደርሶ የሦስት ዓመት ትምህርት የተጫነበት አድራሻ ጠፍቷል።

ትልልቆቹም አልዳኑም። ኢስላም ኦንላይን የተሰኘው ዕውቅ ድረ-ገጽ አስተዳደሩ በዶሃ፣ አብዛኞቹ አዘጋጆቹ በካይሮ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 በመካከላቸው አለመግባባት ተነሣ፤ የካይሮዎቹ ሥራ አቆሙ፣ ኋላም ኦን ኢስላም የሚል ሌላ ድረ-ገጽ ከፈቱ። ለዓመታት የጻፉበት ስም ግን ከዶሃ ጋር ቀረ።

እንግዲህ ስሙ አማና ነው። በተቻለ መጠን በመድረሳው ሕጋዊ ስም ይመዝገብ፤ ኢሜይሉ የኮሚቴው ይሁን፤ የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይያዙት። ወንድም የሚከፍል ከሆነ ገንዘቡ ስጦታ መሆኑ፣ ስሙም የመድረሳው መሆኑ በምስክር ፊት ይጻፍ። «በእኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ የዕዳ ውል እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት ያዘዘው እኮ አማኞችን ነው።

ሌላው፣ ስም ለዘላለም አይገዛም፤ እንደ ኪራይ ነው። ዶት ኮም ከ1 እስከ 10 ዓመት ይመዘገባል። እንደተመዘገበ ለኢሜይላችሁ የማረጋገጫ መልእክት ይመጣል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተመለሰ ስሙ ሊታገድ ይችላል። ጊዜው ሊያልቅ አንድ ወርና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው መዝጋቢው ማስታወሻ ይልካል። ችላ ካላችሁት ስሙ ይሰረዛል፤ ከተሰረዘ በኋላም 30 የማስመለሻ ቀናት አሉ፣ ክፍያው ግን ከማደሻው እጅግ ይበልጣል። ከዚያ ወዲያ ስሙ ለቀደመ ሁሉ ክፍት ነው፤ የመድረሳችሁን ስም ቁማር አስተዋዋቂ ቢወስደው የሚከለክለው የለም።