ካርቱን ውስጥ የሚመራው ድምፁ ነው

ልጆች ንግግር የበዛበት ካርቱን ሲያዩ አጠገባቸው ቁጭ ይበሉና ዓይንዎን ጨፍነው ይስሙ። ታሪኩን ያለ ችግር ይከታተሉታል። አሁን ዓይንዎን ይግለጡና ድምፁን ያጥፉት። ሥዕሉ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ አፉን ይከፍታል፤ ነገሩ ግን አይገባም።

ባለሙያዎቹ ይህን ስለሚያውቁ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ድምፁን ይቀርጻሉ። የገጸ ባሕሪው አፍ የሚሣለው ከዚያ በኋላ ነው።

ብሩክታዊት ጥጋቡና ሼን ኤትዘንሃውዘር የጀመሩትን የልጆች ፕሮግራም፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን፣ ያስታውሱ። የቀጭኔዋ አሻንጉሊት አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ከጀርባው የሰው እጅ አለ፤ እጁ ንግግሩን እየሰማ ይከተላል። በኮምፒውተር በሚሣል ካርቱን ላይ ግን ያ እጅ የለም። ሥራው የሶፍትዌሩ ነው።

ሶፍትዌሩ ምን ያደርጋል? ሥዕሉ በተለምዶ በሰከንድ 24 ጊዜ ይቀያየራል። ድምፁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ በቁጥር ይቀመጣል። ስለዚህ አንዲት ሥዕል ስክሪኑ ላይ ብልጭ ብላ እስክታልፍ ከ1,800 በላይ የድምፅ ልክ ያልፋል። ፈጣን ለውጥን በመለየት ጆሮ ከዓይን ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆነ ከዚህ ይገምቱ።

ድሮ ፍላሽ ይባል በነበረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ግን አዶቤ አኒሜት በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ድምፅ ሲያስገቡ «ኢቨንት» ወይስ «ስትሪም» የሚል ምርጫ ይቀርብልዎታል። ኢቨንት ካሉት ድምፁ አንዴ ከተነሣ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ ሥዕሉ ቢቆምም እሱ እስኪያልቅ ይጮኻል። ለበር መንኳኳት ይበቃል። ለንግግር ግን ስትሪም ነው የሚያስፈልገው፤ ሥዕልና ድምፅን እንደ ጥማድ በሬ በአንድ ቀንበር ያስራቸዋል። ኮምፒውተሩ ደክሞ ቢዘገይ የሚዘለለው ሥዕሉ ነው፤ ድምፁ አይነካም። ከሥዕል አንዱ ቢጎድል ማንም ልብ አይልም፤ ከቃል መሀል ግን ቁራጭ ቢወጣ ወዲያው ይታወቃል።

ድምፅና ሥዕል ትንሽ ቢዛነፉስ? እንደ ስማዳ ማዶ ለማዶ መተያየት ብርቅ ባልሆነበት ወረዳ ካሉ ይህን ይሞክሩ። ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ ወጣ ብለው፣ ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ሲያዩ መጥረቢያውን ይከታተሉ። መጥረቢያው ያርፋል፣ ድምፁ ቆየት ብሎ ይደርሳል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 100 ሜትር ርቆ ከሆነ የሚዘገየው 7 የካርቱን ሥዕል ያህል ነው። ድምፅ ከዕይታ ዘግይቶ መድረሱን ከልጅነታችን ስለለመድነው ትንሽ ቢዘገይ እንታገሳለን። ቀድሞ ከመጣ ግን ወዲያው ይረብሸናል። ስለዚህ የሚያጠራጥር ጊዜ ድምፁን ትንሽ ዘግየት ማድረግ ይሻላል።

አሁን ሞባይልዎን ያውጡ። «ልጁ መጣ» ብለው ይቅረጹና የድምፁን ሞገድ አጉልቶ በሚያሳይ አፕ ይክፈቱት። «ጣ» ከመፈንዳቱ በፊት መስመሩ ጸጥ የሚልበት ቦታ ያያሉ። ጀማሪ ባዶ መስሎት ቆርጦ ይጥለዋል። እስቲ ይቁረጡትና ያዳምጡ፤ «ጣ» ላልቶ፣ ተናጋሪው አማርኛ ገና የሚማር ይመስላል። ያ ጸጥታ የቃሉ አካል ነው፤ እንደ «ጣ» ያሉ የሚፈነዱ ድምፆቻችን ሲጠብቁ እሱ ላይ ነው የሚቆሙት። ለእኔ የድምፅ ቆራጭ ዋና ሙያ እዚህ ላይ ይለካል፤ የትኛው ዝምታ ትርፍ፣ የትኛው ንግግር እንደሆነ መለየት።

ሌላም አለ። በቆረጡበት ቦታ «ቀጭ» የሚል ነገር ከሰሙ ምክንያቱ ይህ ነው። ሞገዱ ከመሀል መስመሩ በላይና በታች ይወጣል፣ ይወርዳል። ጫፉ ላይ ሳለ ከቆረጡት የስፒከሩ ሽፋን ከነበረበት ቦታ በድንገት ይዘላል፤ ዝላዩ ነው የሚሰማዎት። ዘፈን እየተጫወተ ትልቅ ስፒከር ላይ ጣትዎን ቀስ አድርገው ቢያሳርፉ ሽፋኑ ሲርገበገብ ይነካዎታል። መድኃኒቱ ሞገዱ መሀል መስመሩን በሚያቋርጥበት ቦታ መቁረጥ፣ ወይም ጫፎቹን ትንሽ ማደብዘዝ ነው። አኒሜት ላይ «ፌድ ኢን» እና «ፌድ አውት» የተባሉት ለዚሁ ነው።

ከንግግር ውጭ ያሉ ድምፆችንም ራስዎ መፍጠር ይችላሉ፤ የዝናብ ድምፅ ሲያስፈልግዎ ክረምትን አይጠብቁ። እፍኝ ገብስ ሰፌድ ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ያንከባልሉና ሞባይሉን ጠጋ አድርገው ይቅረጹ። ከሥዕል ጋር ሲገጥም ጆሮ ያምነዋል።

የቀረጹትን ድምፅ ሲያስቀምጡ ግን ይጠንቀቁ። ያልታመቀ የስቴሪዮ ድምፅ ለአንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ኤምፒስሪ ሲሆን ወደ 1 ሜጋባይት ይወርዳል። ለመላክ ኤምፒስሪው ይመቻል። እየቆረጡ የሚሠሩበት ግን ያልታመቀው ይሁን፤ ኤምፒስሪ ተከፍቶ እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ከድምፁ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፣ የጎደለውም አይመለስም።