ዘይቱን ቀየራችሁ፤ ልኩንስ አያችሁት?

መሐል ሜዳ ነው፤ ገና ጠዋት። አመዳዩ ከሳሩ ላይ አልረገፈም። ከእኛ አንዱ ቪትዙን ከግቢው ደጃፍ አቁሞ የሞተር ዘይት ራሱ ሊቀይር ተነሳ። ቡሎኑን ፈታ፣ አሮጌውን አፈሰሰ፣ ቡሎኑን መልሶ አሰረ፣ ገዝቶ ያመጣውን ባለ 4 ሊትር ጋሎን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገለበጠው። "ጋሎኑ ለአንድ መኪና ልክ ነው" ብሎ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ጉዞ ጀመረ፤ ሞላሌ ሳይደርስ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ተከተለው።

ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ የገባን ቆይተን ቁጥሩን ስንደምር ነው። ባለ 1.5 ሊትር ሞተሩ ቪትዝ (ዋን ኤን ዜድ የሚባለው) ፊልትሮ ሲቀየር የሚወስደው 3.7 ሊትር ነው። ፊልትሮው ካልተቀየረ ደግሞ 3.4 ብቻ። እሱ ፊልትሮ አልቀየረም። ስለዚህ ገና ከመነሻው 0.6 ሊትር ትርፍ አለ። መኪናው ቀና ብሎ ቆሞ ነበር፣ ሞተሩም ቀዝቃዛ ነበር፤ አሮጌው ዘይት ሙልጭ ብሎ አልወጣም። ግማሽ ሊትር ቀርቷል ብንል ትርፉ ከ1 ሊትር አለፈ ማለት ነው። በብዙ ትናንሽ መኪኖች መለኪያው ላይ ባሉት በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ 1 ሊትር ገደማ ነው። ዘይቱ የት ድረስ እንደወጣ አስቡት።

"ትንሽ ቢበዛ ምን ይላል? ካነሰ ይሻላል" የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ ነው ነገሩ። ዘይቱ ከሞተሩ ስር ባለ መያዣ ይተኛል፤ ከሱ በላይ ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ዘንግ ይሽከረከራል። ዘይቱ ልኩን ካለፈ ዘንጉ ይደርስበትና ጭልፋ እንደገባበት ይንጠዋል፤ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ግማሹ አየር ነው፤ ፖምፓው ዘይት እገፋለሁ ሲል አየር ይገፋል። ብረትና ብረት የሚፋተጉበት ቦታ፣ ብሮንዚናው ላይ ማለት ነው፣ የሚደርሰው ቅባት ይሳሳል። ትርፉ በመተንፈሻው በኩል ወጥቶ ይቃጠላል፣ ያ ሰማያዊ ጭስ እሱ ነው። ዘይት እንዳይወጣ የሚያግዱት ጎማዎችም ማንጠባጠብ ሊጀምሩ ይችላሉ።

ናፍጣ ሞተር ያላችሁ፣ አይሱዙም ይሁን አሮጌ ሃይሩፍ፣ እናንተ ላይ ይከብዳል። ናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ ሊያነድድ ይችላል። ትርፍ ዘይት በአየር ማስገቢያው በኩል ከገባ ሞተሩ እያጓራ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ቁልፉን ብታጠፉትም አይጠፋም። ሁልጊዜ አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን ሞተሩ ሊበተን ይችላል።

ማነሱም ያው ጉዳት ነው፣ በተለይ በእኛ መንገድ። ከሙከጡሪ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሄደ ሰው የጀማን ገደል ያውቀዋል፤ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ ነው። መኪናው ሲያጋድል ዘይቱም ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። መጠኑ ካነሰ የፖምፓው መምጠጫ አፍ አየር ላይ ይቀራል። ሜዳ ላይ ምንም ያልታወቀው ጉድለት ዳገት ላይ ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀዩ የዘይት መብራት ነው። በአብዛኛው መኪና ላይ ያ መብራት የሚናገረው ስለ ግፊቱ እንጂ ስለ መጠኑ አይደለም። እስኪበራ ከጠበቃችሁ ዘግይታችኋል። ዳገት ላይ ብልጭ ካለ "ከተማ እንደርሳለን" አትበሉ፤ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ።

የሞተር ነገር ድሮም ውድ ነው፣ አሁን ብሷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና ማቆየት ግድ ሆኗል። ከራቤል ወይም ከመሐል ሜዳ ሆኖ መለዋወጫ ማስመጣት ደግሞ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ስንት ቀን እንደሚፈጅ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ወደ አሠራሩ እንግባ። የመጀመሪያው ጣጣ ሜዳ ማግኘት ነው። መንዝ ላይ ሜዳ የሚመስለው ሁሉ ሜዳ አይደለም። ስልካችሁ ላይ ውሃ ልክ የሚለካ መተግበሪያ ካለ መሬቱ ላይ አስተኝታችሁ እዩ። ከሌለ አንድ ሃይላንድ ውሃ ከሞላ ጎደል ሙሉት፣ ክዳኑን ግጠሙና አጋድሙት፤ የአየር አረፋው መሃል ላይ ከቆመ ቦታው ደህና ነው። አረፋው ወደ አንድ ጫፍ ከሮጠ መኪናውን ሌላ ቦታ ውሰዱት። አንዳንዱ ሰው ስሩ ለመግባት የፊት ጎማዎቹን ድንጋይ ላይ ያወጣል። ለማፍሰስ ይሁን፤ ስትለኩ ግን አራቱም ጎማ እኩል መሬት ላይ ይሁን። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ስር ደግሞ ማንም እንዳይገባ፣ በፍጹም።

ሁለተኛው ጣጣ ብርዱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ያደረ ዘይት እንደ ማር ነው የሚወርደው። ከማፍሰሳችሁ በፊት ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሱት፤ ዘይቱ ለብ ይበል እንጂ እጅ እንዳያቃጥል። ቡሎኑ ከተፈታ በኋላ አትቸኩሉ፣ ጠብ ጠብ ማለቱ እስኪያቆም ጠብቁ። ፊልትሮ ስትቀይሩ የአሮጌው ክብ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር እዩ፤ በሱ ላይ አዲሱን ከደረባችሁ ዘይቱ መንገድ ላይ ይፈስሳል። የአዲሱን ጎማ ዘይት ቀብታችሁ በእጅ አጥብቁት።

አሁን ሙሉ፤ ግን አትጨርሱት። የመኪናው መጽሐፍ 3.7 ካለ መጀመሪያ 3 ሊትር ብቻ አስገቡ። ሞተሩን አንድ ደቂቃ ያህል አስነስታችሁ ከስር የሚያንጠባጥብ ካለ እዩ። ይህች ደቂቃ ዋጋ አላት፦ ባዶው ፊልትሮ የሚሞላው ያኔ ነው። ሳያስነሱ ለክቶ "ልክ ነው" ያለ ሰው ኋላ ላይ ጎድሎ ያገኘዋል። ከዚያ አጥፉና ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቁ። በእኛ ብርድ 10 ቢሆን ይሻላል፤ ሻይ ጠጡበት።

መለኪያውን አውጥታችሁ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው አስገቡት፣ አውጡትና ሁለቱንም ፊት እዩ። አንዱ ፊት ከፍ ብሎ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ካሳያችሁ ዝቅ ያለውን እመኑ፤ ከፍ ያለው ብዙውን ጊዜ ከቱቦው ግድግዳ የተነካካ ዘይት ነው። አዲስ ዘይት ጠርቶ አልታይ ካለ መለኪያውን ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፉት። ከላይኛው ምልክት በታች ከሆነ በትንሹ፣ በቡና ሲኒ ሲኒ እያላችሁ ጨምሩ፤ በየጭማሪው ጠብቃችሁ ለኩ። ላይኛው ምልክት ላይ ወይም ከሱ ትንሽ ዝቅ ሲል አቁሙ።

"በሙቁ ልለካ ወይስ በቀዝቃዛው?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ያከራክራል። ዘይት ሲሞቅ ያብጣል። ወደ 3.7 ሊትር የሚጠጋ ዘይት 80 ዲግሪ ቢጨምር 0.2 ሊትር ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ የራሳችሁ መኪና መጽሐፍ የሚለውን ያዙና ሁልጊዜ በዚያው ሁኔታ ለኩ። አንድ ቀን በሙቁ፣ ሌላ ቀን በብርዱ ለክቶ ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ሞተር ሳይክል ላይ ጥንቃቄው ይጠብቃል፣ ትናንሾቹ በጠቅላላው የሚይዙት 1 ሊትር ያህል ስለሆነ። አንድ ሲኒ መጉደሉም መትረፉም ይታወቃል። ሞተሩ በጎን መቆሚያው አጋድሎ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው የሚለካው። መለኪያው ጥርስ ያለው ክዳን ከሆነ፣ አንዳንዱ ተጠምዝዞ፣ አንዳንዱ ሳይጠመዘዝ እንዲሁ ተቀምጦ ነው የሚነበበው፤ ይህን መጽሐፉ ላይ ሳታዩ አትገምቱ። ባጃጅም ላይ እንደዚያው መጽሐፉን እዩ።

በዝቶ ካገኛችሁት አትንዱት። ትልቅ ሲሪንጅና አዲስ ቀጭን የግሉኮስ ቱቦ ግዙ፤ በመለኪያው ቀዳዳ ቱቦውን አስገብታችሁ፣ ዘይቱ ለብ እንዳለ ሳቡት። ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አምስት ጊዜ ከሳበ 0.3 ሊትር ወጣ ማለት ነው። የእኛው ሰው መጨረሻ ላይ ያዳነው ይሄ ነው፤ ቡሎኑን እንደገና ፈትቶ እጁን ከማቃጠል ድኗል። ወደ 20 ጊዜ ሳበ።

ምንም ሳትጨምሩ ልኩ ከፍ እያለ ከሄደ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ነዳጅ ነዳጅ ከሸተተ ነዳጅ እየገባበት ነው፤ ሻይ በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ያኔ ሞተሩን ሳታስነሱ ባለሙያ ጥሩ።

ስልክ በእጃችን ነውና አንድ ልማድ እንጨምር። ከቀየራችሁ ማግስት ጠዋት፣ ከዚያም በሳምንቱ መለኪያውን ፎቶ አንሱት፣ ኪሎ ሜትሩንም እንዲሁ። መኪናው ዘይት ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ሁለት ፎቶ ይፈታዋል።

አሮጌውን ዘይት ወደ ሃይላንድ መልሱትና ክዳኑን ግጠሙ። ጓሮ አትድፉት። ከዚህ ደጋ የሚወርደው ውሃ ግማሹ በጀማ ወደ አባይ፣ ግማሹ በምሥራቅ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በመንገዱ ላይ ደግሞ ምንጩን ቀድተው የሚጠጡ ጎረቤቶቻችሁ አሉ። በቅርባችሁ ያለ ጋራዥ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ።